እግሩን የምታጥበው ምን ትላለች?



በዛሬው ዓምዳችን ስለ ጤና ጥናት እንነጋገራለን። «ጥናት የምሁራን ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ትንሽ ታገሡንና ጉዳዩ እስከ ደጃፋችን ድረስ የመጣ መሆኑን አብረን እንይ።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በጂጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚገባውን መንገድ የምታውቁ አፈሩን አትረሱትም። ቀይ ነው። ሲደርቅ ልብስ ያቀላል፣ ሲዘንብ ጫማ ይይዛል። በርበሬውም፣ በቆሎውም፣ ጤፉም የሚበቅለው በእርሱ ላይ ነው። ይኸው የሚያበላን አፈር ግን በባዶ እግሩ ለዓመታት የሚረግጠውን አንዳንዱን ሰው እግሩን ያሳብጠዋል።

በአገራችን ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት መንሥኤው አንድ ብቻ አይደለም። በቆላው አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ዓይነት አለ። በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ የሚበዛው ግን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ሲሆን፣ በዚህኛው ውስጥ ትንኝም ተውሳክም የለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የቀይ አፈር ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ከሰውነት ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ እግሩም ከታች ወደ ላይ ያብጣል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይያዝም፤ አብሮ በመተኛትም አይያዝም። እርግማንም አይደለም።

ቁጥሩን ብንመለከት ትንሽ አይደለም። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ቤት ለቤት ተቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል 3.3 በመቶ የሚሆኑት በዚህ በሽታ መያዛቸውን አሳይቷል። ይህም ማለት አንድ መቶ ጎልማሶች በተሰበሰቡበት ገበያ ቢያንስ ሦስቱ ያመማቸው ናቸው ማለት ነው። በአገር ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ግምት 1.5 ሚሊዮን የሚያህሉ አዋቂ ሕመምተኞች እንዳሉ ይናገራል።

እንግዲህ ወደ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ የማንም ሊሆን ይችላል። ባል እግሩ ያበጠ ገበሬ ነው። ሚስት ውኃ ቀድታ ትመጣለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ትቀባለች። ሕክምናው ውድ መድኃኒት የለውም። በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ የጤና ባለሙያው በሚያሳየው መጠን በረኪና በተጨመረበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ እንደ ቫዝሊን ያለ ቅባት መቀባት፣ እንደ አስፈላጊነቱ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ማድረግ ነው። በወረቀት ላይ ሲያነቡት ቀላል ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ግን ውኃው ከየት ይመጣል? በበጋ ምንጩ ሲደርቅስ? ሳሙናው ለልጆቹ ልብስ ነው ወይስ ለአባት እግር? ላበጠ እግር የሚበቃ ጫማ የትኛው ሱቅ ይሸጣል? በእርሻ ወቅት ሚስት በሬ ስትከተል እግሩን ማን ያጥባል? በድንገት ትኩሳትና ሕመም ተነሥቶበት ከመደብ መነሣት ሲያቅተው፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድረው ማን ነው?

ይህን ሁሉ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እግሩ የታመመበት ሰውና እግሩን የምታጥበው ሰው። ሐኪሙ እግሩን በዓመት ምናልባት ሁለት ጊዜ ያያል። እርሷ በየቀኑ ታያለች።

ታዲያ ጥናት ሲደረግ የሚጠየቀው ማን ነው? ይጠየቃሉ እንጂ እነርሱ አይቀሩም። ቅጽ የያዘ ወጣት ይመጣል፤ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የጫማ ብዛት እያለ ይሞላል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የምታውቁት ነው። ቅጹ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። በገጠሩ «መጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ» የሚል ቅሬታ የሚሰማው በከንቱ አይደለም። በዚህ ዓይነት ጥናት ሕመምተኛው የሚሰጠው መልስ ብቻ ነው። ጥያቄውን የሚያወጣው ሌላ፣ መልሱን የሚተረጉመው ሌላ፣ ውጤቱን የሚሰማው ደግሞ ከሁሉም ሌላ ነው።

ሕመምተኛና አስታማሚ የጥናት አጋር ይሁኑ ሲባል ከዚህ የተለየ ነገር ማለት ነው። ጥያቄው ገና ሳይጻፍ «ከሁሉ በላይ የሚያስቸግራችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ሰዎች ፈቃዳቸውን የሚሰጡበት መንገድ ሲታሰብ ያማክራሉ። ውጤቱ ሲመጣ ትርጉሙን ይናገራሉ። አንዳንዶቹም ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ይወስናሉ። «ያልተማረ ሰው ስለ ጥናት ምን ያውቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ በአገራችን የሆነውን እንነግረዋለን። የምንጀምረው ግን ከጎጃም አይደለም፤ ከወላይታ ነው። ምክንያቱም የዝሆኔ ጥናት ከሕመምተኛው ጋር ቀድሞ የተገናኘው እዚያ ነው።

በወላይታ ሶዶ እ.ኤ.አ. በ1998 የዝሆኔ ሕመምተኞችን የሚያክም ማኅበር ተቋቋመ። መሥራቹ ናታን ባርሎ የተባለ፣ በአገራችን ለብዙ ዘመን ያገለገለ የሚሲዮን ሐኪም ነው። የዚህ ማኅበር ልዩነቱ ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ራሳቸው የሥራው አካል መሆናቸው ነው። ጫማ መስፋት ተምረው ለሌላው ሕመምተኛ በእግሩ ልክ ይሰፉለታል፤ እጥበቱንም ያስተምራሉ። የታመመ ሰው የታመመን ሰው ሲያስተምር አፍንጫ የሚይዝ የለም።

በዚያው በወላይታ ተመራማሪዎች ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛው ጉዳቱን በገንዘብ መተመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ጥናታቸው አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶ የሚያህለውን እንደሚያጣ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ በሚኖርበት በዚያ ዞንም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚጠፋ አሳዩ። ሁለተኛው ግን ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ ይጠቅማል። በሽታው አንዱን ይዞ ሌላውን ለምን ይተዋል? በባዶ እግር የሚሄደው ሁሉ አይታመምም። በቤተሰብ ውስጥ የሚወርድ አንዳች ተጋላጭነት ሊኖር ይችላል ብለው የዘር ጥናት አሰቡ። ይህን ለማድረግ ከሕመምተኞችና ከዘመዶቻቸው ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልጃችሁን ለመዳር ሽማግሌ ደጃችሁ ላይ ቆሞ ሳለ፣ «በዚህ ቤት በዘር የሚወርድ በሽታ አለ» የሚል ወሬ በቀበሌው ቢሰማ ምን ይሆናል? ሽማግሌው ይመለሳል። ልጅቱ እግሯ እንደ ማንም ጤናማ ቢሆንም ትቀራለች። ለሳይንቲስቱ «ዘር» ማለት የምርምር ቃል ነው፤ ለእናትየው ግን የልጇን ትዳር የሚዘጋ በር ነው።

ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመውሰዳቸው በፊት ይህንኑ ሄደው ጠየቁ። ከሕመምተኞች፣ ከማኅበረሰቡ መሪዎችና ከጤና ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ፤ ያገኙትንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። የሰዉ ትልቁ ፍርሃት መርፌው አልነበረም፤ መገለሉ ነበር። ጥናቱ «የእነ እገሌ ቤት» የሚለውን ስም ያጠነክራል ብለው ፈሩ። ቀድሞ የሚያምኑት ማኅበር በመካከል መኖሩ ደግሞ ልባቸውን አሳረፈው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ጥናቱ ለሰው እንዴት መነገር እንዳለበት መንገድ አሳየ። የዘር ጥናቱም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም ከታወቁት የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ወጣ፤ ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘር ልዩነት በእርግጥ መኖሩን አሳየ። አፈሩ ከሌለ ግን ተጋላጭነቱ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ጫማ የሚያደርግ ልጅ አባቱ ቢታመምም አይታመምም። ይህን አረፍተ ነገር ለልጆቻችሁ አማቾች ብትነግሯቸው አይከፋም።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። እጥበቱና ጫማው በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ሁሉም ይጠቅማል ይላል፤ ነገር ግን መንግሥት በየጤና ጣቢያው እንዲያቀርበው ከተፈለገ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለዚህም ምሥራቅ ጎጃም ተመረጠ። 696 ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ሕክምናውን ወዲያው ጀመረ፤ ሌላው ወገን አንድ ዓመት ጠብቆ እንዲጀምር ተደረገ። ክፍፍሉ በዕጣ ነው። ዕጣ የተጣለበት ምክንያት ተመራማሪው ያሻውን እንዳይመርጥ፣ ማነጻጸሩም እንዳያዳላ ነው።

ይህንን ለአንዲት የገጠር እናት እንዴት ትነግሯታላችሁ? ጎረቤቷ ዛሬ ሳሙናና ጫማ ስትቀበል እርሷ «አንቺ የዛሬ ዓመት» ልትባል ነው። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች እዚህ ላይ እንደ ወላይታው አደረጉ። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ አካባቢው ወርደው ሕመምተኞችን፣ ቤተሰቦችንና የአካባቢውን ሰዎች ስለ በሽታው፣ ስለ ጥናት ያላቸውን ግንዛቤ፣ ማን ቢያነጋግራቸው እንደሚሻል ጠየቁ። የተማሩትም የመረጃ ወረቀቱንና የፈቃድ አጠያየቁን ለአካባቢው ሰው በሚገባ መንገድ ለማስተካከል ረዳቸው። ይህ ቅድመ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016፣ ዋናው ውጤት ደግሞ በ2018 ታተመ።

ውጤቱስ? ትኩሳት ያለበት ድንገተኛ ሕመም ሕክምናውን በጀመሩት ላይ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሣ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ከአምስት አንድ የሚያህለውን ሕመም ያስቀራል። ነገር ግን ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ታክሞም 19 ጊዜ! በየሦስት ሳምንቱ አልጋ ላይ መዋል ማለት ነው። ቀደም ሲል ሰው ያለፈውን ዓመት እንዲያስታውስ እየተጠየቀ የተገኙት ቁጥሮች ከዚህ በጣም ያነሱ ነበሩ። ሕመሙ በቤት ውስጥ ይነሣል፣ በቤት ውስጥ ያልፋል፤ ሐኪም አያየውም። በቅርብ ተከታትሎ ሲጠየቅ ነው ስንት ጊዜ እንደሚነሣ የታወቀው። ለእኔ ከጥናቱ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። በመዝገብ ያልነበረ መከራ በየቤቱ ነበረ፤ አስታማሚዎቹም ያውቁት ነበር።

ሕክምናው መኖሩ ብቻም አይበቃም። በዚሁ በሰሜኑ አካባቢ ሕመምተኞች ለምን ሕክምና እንደሚያቋርጡ ሲጠየቁ የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል። ርቀት፣ የገንዘብ ችግር፣ መገለል አንዱ ላይ አንዱ ተደራርቦ ተገኘ። ደግሞም «እግሬ እንደ ድሮው ይሆናል» ብለው ጠብቀው ሳይሆን ሲቀር ተስፋ የቆረጡ ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉት። ተስፋውን ያጋነነው ማን ነው? ምናልባት ባለሙያው፣ ምናልባት ጎረቤቱ፣ ምናልባት እኛው በጸሎት ቤት። እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ቁስሉ ይደርቃል፤ የቆየ እብጠት ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ይህን አስቀድሞ በፍቅር መናገር ሰውን ከሕክምናው አያርቅም።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ ስትሄዱ ጥሊሊ የምትባል ከተማ አለች፤ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። በዚህ ወረዳ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች ሌላ ጥያቄ አነሡ። ሰውየው የታመመው እግሩ ብቻ ነው ወይ? ከሠርግ የቀረ፣ ከዕድር የራቀ፣ ትዳሩ የፈረሰ ሰው ልቡም ታሟል። ስለዚህ የእግር እንክብካቤውን፣ የመንፈስ ጭንቀት ሕክምናንና መገለልን የሚቀንስ ሥራ አንድ ላይ አድርገው በመንግሥት የጤና ተቋማት በኩል ለመስጠት አሰቡ። የዝሆኔ ብቻ ሳይሆን የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችም ተካተቱ። አገልግሎቱ ምን ምን እንደሚይዝ ሲነደፍ የጤና ባለሙያዎች፣ የአስተዳደር ሰዎችና የማኅበረሰቡ ወኪሎች ብቻቸውን አልተቀመጡም፤ የሕመምተኞችም ድምፅ ገብቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የሙከራ ውጤት ድንገተኛው ሕመምም፣ የመንፈስ ጭንቀቱም፣ መገለሉም መቀነሱን ያሳያል።

እንዲህ ያለው አሠራር ከየት መጣ ብትሉ፣ ከፊሉ ከገንዘብ ሰጪዎቹ ነው። በእንግሊዝ አገር ሕዝቡ በሕክምና ጥናት ውስጥ እንዲሳተፍ የሚያግዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሥርቷል፤ የጥሊሊውን ሥራ የደገፈው የዚያው አገር የጤና ምርምር ድርጅት ገንዘብ ሲሰጥ ሕመምተኞች እንዴት እንደሚሳተፉ ይጠይቃል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የሄልሲንኪ ድንጋጌም በ2024 ሲሻሻል፣ ከጥናቱ በፊት፣ በጥናቱ ጊዜና ከጥናቱ በኋላ ከተሳታፊዎችና ከማኅበረሰባቸው ጋር እውነተኛ ምክክር እንዲኖር ጨምሯል። ደንብ ግን ደንብ ነው። ለስም ያህል አንድ ሕመምተኛ ስብሰባ ላይ አስቀምጦ፣ ሻይ አጠጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ መላክም ይቻላል።

እውነተኛው ተሳትፎ ለምን እንደሚከብድ በግልጽ የታየው በሌላ ሕመም ነው። በጉራጌ አገር ሶዶ በሚባለው ወረዳ (የወላይታው ሶዶ አይደለም) የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎችና አስታማሚዎቻቸው የጤና አገልግሎቱን በማሻሻል ሥራ ምን ያህል እንደሚሳተፉ ተጠና። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው መልስ ተሳትፎው እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አሳየ። ድህነቱ አለ፤ መገለሉ አለ፤ የሚጋብዝም የለም። ከዚያ በኋላ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች ከጤና ሠራተኞች ጋር አብረው ችግሩን እንዲለዩና መፍትሔ እንዲሞክሩ ተደረገ። ፎቶግራፍም እያነሡ ኑሯቸውን በሥዕል እንዲናገሩ ዕድል ተሰጣቸው። ቃል ሲያጥር ሥዕል ይናገራል፤ በተለይ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» የሚለው ትሕትናችንም አንዱ እንቅፋት ነው። በባህላችን በተማረ ሰው ፊት መናገር ድፍረት ይመስላል። አንድ ቀን ስብሰባ የዋለ ገበሬም የአንድ ቀን እርሻ አጥቷል፤ ይህን የማይክስ ጥናት አጋርነት ቢል አልቀበለውም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ የተለየ ነገር አለ። አስታማሚ የሕመምተኛው ረዳት ነው እንጂ አፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሚስት ስትታመም ባል ይመልስላታል፤ አባት ሲያረጅ ልጅ ይመልስለታል። በፍቅር ይሁን በልማድ፣ የታመመው ሰው ዝም ይላል። የሁለቱ ሐሳብ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። እርሷ ከሁሉ የሚያስጨንቃት በሠርግ ቤት መቀመጥ መቻል ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ደግሞ የሚያስጨንቀው የሳሙናው ወጪ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ ሊሰማ ይገባዋል። አስታማሚዋም የራሷ ድካም አላት፤ ባሏ በሚሰማበት «ደክሞኛል» ማለት አትችልም። ስለዚህ ጠያቂዎች ሲመጡ «ለብቻዬ ልናገር» ማለት ነውር አይደለም። ባልም እርሷ ስትናገር ለጥቂት ጊዜ ወጣ ብሎ ከብቶቹን ቢያይ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ወደ ጉባኤያችን ልምጣ። ስለ ዝሆኔ መገለል የተጻፉት ጥናቶች ሕመምተኞች ከትምህርት ቤት፣ ከመንደር ስብሰባ፣ ከጋብቻ፣ እንዲሁም ከአምልኮ ቦታ እንደሚገፉ ይናገራሉ። የአምልኮ ቦታ የሚለውን ባነበብሁ ጊዜ የየትኛው እምነት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ የእኛም ነውና። በግልጽ ውጣ የሚል የለም። ነገር ግን የኋላው ወንበር፣ ከአጠገቡ ቀስ ብሎ መነሣት፣ የእጅ ሰላምታውን ማሳጠር አለ። ጌታ በኢያሪኮ መንገድ ላይ የተጣራውን ዕውር ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ ቀድሞ ጠየቀው፤ ዕውርነቱ ግን ለሁሉ ይታይ ነበር። እኛ ግን ለእገሌ ምን እንደሚያስፈልገው ሳንጠይቀው ወስነን የጸሎት ርዕስ እናደርገዋለን፤ ስሙንም በመድረክ እንጠራለን።

ይህ ነገር ከጥናት ጋር በቀጥታ የሚገናኝበት ቦታ አለ። በዚህ አገር ተመራማሪ ሕመምተኞችን ማግኘት ሲፈልግ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በቀበሌ፣ በዕድር፣ በሃይማኖት አባቶችም በኩል ይመጣል። ታዋቂ ሰው መሆናችሁን አይቶ፣ «በጉባኤያችሁ እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለባቸው እነማን ናቸው?» ሊላችሁ ይችላል። መጋቢዎችና ሽማግሌዎች፣ እባካችሁ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። «እንዲህ ያለ ጥናት መጥቷል፤ ብትፈልግ አገናኝሃለሁ፣ ባትፈልግ ስምህ ከእኔ አፍ አይወጣም» በሉት። ምስክርነት እንዲሰጥም አታስገድዱት። የእግሩ ነገር የእርሱ ነው።

በምዕራብ ጎጃም ይህ ሁሉ ዛሬ እንደ ቀድሞው በሰላም መንገድ የሚካሄድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገዱንም፣ ጤና ጣቢያውንም፣ የሰውንም ልብ ጎድቷል። ስሙን ለማያውቀው ሰው ለማስመዝገብ የሚፈራ ሰው ፈሪ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም። እንዲህ ባለ ጊዜ የመጣውን ሰው መጠየቅ ይበልጥ ተገቢ ይሆናል።

ምን ብለን እንጠይቅ? ከማን ዘንድ እንደመጣ፣ ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ የትኛው እንደሆነ ይናገር። ስማችን የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ይንገረን። «እምቢ» ብንል በጤና ጣቢያው የምናገኘው ሕክምና የማይቋረጥ መሆኑን በአፉ እንስማው፤ ጀምረንም ማቆም እንደምንችል እንዲሁ። ዕጣ የሚጣል ከሆነ የሚጠብቁት ወገኖች ሕክምናውን መቼ እንደሚያገኙ ይንገረን። ወረቀቱ ላይ የጣት አሻራ ከማሳረፋችን በፊት ይነበብልን፤ ካልገባን ደግሞ ይነበብልን። ከዚያ ደግሞ ጥያቄዎቹ ሲዘጋጁ እንደ እኛ ያለ ሰው ተጠይቆ እንደነበር ጠይቁት። አልተጠየቀም ካለ፣ እርሱ ያልጠየቀውን እናንተ ንገሩት፤ የውኃውን፣ የጫማውን፣ የሌሊቱን ነገር። ደግ ተመራማሪ ከሆነ በቅጹ ጀርባ ላይም ቢሆን ይጽፈዋል።

ሲሰናበትም አንድ ጊዜ አስቁሙት። ውጤቱ ሲታወቅ ማን ተመልሶ መጥቶ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቦታ፣ በአማርኛ ወይስ በአገውኛ እንደሚነግራችሁ ጠይቁት፤ ስልኩንም ተቀበሉት።